የቆምኩበት እግር

በዚያ ሰኞ ጠዋት በሦስተኛው ፎቅ የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። አንደኛ፣ የጽዳት ሠራተኞች አለቃ ጋሽ ደምሴ፤ በሩ አጠገብ ቆመው የሰም ጣሳ በቢላ ይከፍቱ ነበር። ሁለተኛ፣ እትዬ ብርቅነሽ፤ ወንበር ላይ ወጥተው መስኮት በጋዜጣ ያሻሉ። ሦስተኛ፣ የሥራ ጓደኛዬ ከድር፤ የወለሉን የግራ ግማሽ ይዞ ነበር። አራተኛ፣ የአስተዳደር ኃላፊው ጓድ ሽመልስ፤ ለከሰዓቱ የውይይት ክበብ አግዳሚዎቹ መደርደራቸውን ለማየት ገና መግባታቸው ነበር። አምስተኛው እኔ ይልማ ነኝ፤ የወለሉን የቀኝ ግማሽ ይዣለሁ።

የጣውላ ወለል እንዴት እንደሚወለወል ለማያውቅ ልግለጽ። ሰሙ በጨርቅ ይቀባና እስኪደርቅ ይጠበቃል። ከዚያ ወልዋዩ ቀኝ ጫማውን አውልቆ እግሩን ማሰሪያ ባለው ብሩሽ ውስጥ ያስገባል። በግራ እግሩ ይቆማል፤ ቀኙን ወዲያና ወዲህ ይነዳዋል። ጣውላው ሲያበራ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። ሁሉም ሰው የሚወለውለው በቀኙ ነው። ከድር ቀኝ እግሩን «ሰፊው ሕዝብ» ይለዋል፤ ግራውን ደግሞ ሥራ ፈትቶ ስለሚቆም «ባላባቱ»። ይህን የሚለው ጓድ ሽመልስ በሌሉበት ነው።

ሰባተኛው ጣውላ ላይ ስደርስ ግራ ጉልበቴ ውስጥ ደረቅ እንጨት እንደ መሰበር ያለ ድምፅ ሰማሁ። ቀጥሎ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ራሴን አገኘሁት።

«እኔን ልጄን!» ብለው እትዬ ብርቅነሽ ከወንበሩ ወረዱ።

«ሰሙን አበዛኸው እኮ!» አለ ከድር እየሳቀ። ፊቴን ሲያይ ግን ሳቁን አቆመ።

ጓድ ሽመልስ ቀረብ ብለው «ምን ሆነ?» አሉ።

«አዳለጠኝ ጓድ» አልኩ።

ውሸቴን ነበር። ጉልበቴ ከጥር ወር ጀምሮ ያመኝ ነበር፤ ይህ የሆነው ደግሞ ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። የዋሸሁበት ምክንያት በኮቴ የውስጥ ኪስ ውስጥ አራት ቦታ ታጥፎ የተቀመጠ ፎርም ነው። ሦስት ዓመት በጊዜያዊነት ሠርቼ ነበር። ጊዜያዊ ሠራተኛ ማለት ጠዋት ሲመጣ በቦታው ሌላ ሰው ቆሞ ቢያገኝ ለምን ብሎ የማይጠይቅ ሰው ነው። ፎርሙ ቋሚ ለመሆን የሚሞላ ሲሆን በስድስተኛው ተራ ቁጥር ላይ ሠራተኛው ጤነኛ መሆኑን ይጠይቃል። አባቴ ሞቷል፤ እናቴ ጥጥ ፈትላ ነው የምትረዳን፤ እህቴ ሰባተኛ ክፍል ናት። ስድስተኛው ተራ ቁጥር የሦስታችንም ነበር።

ሕመሙ እንዴት እንደ ጀመረ በዝርዝር ልጻፍ፤ ምናልባት አንባቢ የራሱን ያውቅበታል። መጀመሪያ የታወቀኝ ደረጃ ስወርድ ነው። ስወጣ ደህና ነኝ፤ ስወርድ የጉልበቴ ሎሚ ሥር የሆነ ነገር ይወጋኛል። የመሥሪያ ቤታችን ደረጃ ሃምሳ አራት ነው። በየካቲት ወር ሃያኛው ደረጃ ላይ ይጀምረኝ ነበር፤ በሚያዝያ ከመጀመሪያው ደረጃ። ቀጥሎ ሽንት ቤት ቁጢጥ ብሎ መነሣት ግድግዳ የሚያስይዝ ሆነ። በዐቢይ ጾም ልደታ ማርያም ለስግደት ሄጄ አንዴ ተንበርክኬ ሳልነሣ ቀረሁና አንድ የማላውቃቸው አዛውንት በብብቴ ይዘው አነሡኝ። «በዚህ ዕድሜህ?» አሉኝ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር።

ቤት ውስጥ ሁለት አስተያየት ነበር። እህቴ ብርድ ነው ትላለች። እናቴ ደግሞ መጽሐፍ ነው ትላለች። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ስላቋረጥኩ የቀረውን በራሴ ነበር የምማረው። ማታ ማታ አልጋዬ ላይ ግራ እግሬን አጥፌ፣ በላዩ ተቀምጬ፣ ሁለትና ሦስት ሰዓት አነባለሁ።

«በዚያ እግርህ ላይ እንደ ዶሮ ተኮፍሰህ ስታመሽ ነው» አለችኝ እናቴ አንድ ቀን።

«እማዬ፣ ማንበብ ጉልበት አያሳምምም።»

«ማንበብ አላልኩም። መኮፈስ ነው ያልኩት።»

ተቆጣሁ። እንዳላነብ የፈለገች መሰለኝና ሁለት ቀን ሙሉ ከሰላምታ በቀር አላናገርኳትም። ግማሹን ነገር እሷ ከሁሉም ሐኪም ቀድማ እንደ ተናገረች የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ እዚህም እደግመዋለሁ።

አዳራሽ ውስጥ በወደቅኩ ማግስት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ከድር ሥራዬን ይዞልኝ ነበር። አርባ ሁለት ቁጥር ደረሰኝና ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ቆየሁ። አግዳሚው አጭር ስለ ነበረ ብዙዎቻችን ግድግዳ ተደግፈን ቆመናል። የመረመረኝ ድሬሰር የደከመው ግን ትሑት ሰው ነበር።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«ወለል እወለውላለሁ።»

«በየትኛው እግርህ?»

«በቀኙ።»

«የሚያምህስ?»

«ግራው።»

ብዕሩን አስቀመጠና ፈገግ አለ። «እንግዲያው ከሥራህ ጋር አይገናኝም። የሚሠራው ቀኝህ፣ የሚያምህ ግራህ! ቁርጥማት ነው። መርፌ እናዝዝልሃለን፣ በሙቅ ልብስ ጠቅልለው።»

እኔም አመንኩት። ነገሩ ልክ ይመስላል። ድካም ያለበት ቦታ ነው ሕመም የሚኖረው። ስለዚህ ሥራዬን እንደ ወትሮው ቀጠልኩ፤ እንዲያውም የሚያመኝን እግር ለማሳረፍ ብዬ የባሰ በላዩ ቆምኩበት። መርፌውን ሦስት ጊዜ ተወጋሁ። ጉልበቴ በሱፍ ጨርቅ ተጠቅልሎ እየሞቀ ማበጡን ቀጠለ።

ቀጥሎ እናቴ ወደ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ወዳሉ ወጌሻ ወሰደችኝ። ስማቸው የተመሰገነ ነው፤ የወለቀ ትከሻ ሲመልሱ ዓይኔ እያየ ነው። የእኔ ጉልበት ግን አልወለቀም ነበር። «ሎሚው ሸሽቷል» አሉና በቅቤ አሽተው፣ ቁርጭምጭሚቴን ይዘው ሳቡት። ሦስት ቀን እግሬን ማጠፍ አቃተኝ። ወጌሻውን አልወቅስም፤ የሚያውቁትን ነው ያደረጉልኝ። የምለው፣ ሕመሙ ምን እንደ ሆነ ያልታወቀን ጉልበት አታስስቡ ነው።

ከመተኛቴ በፊት የሚመጣብኝ ሐሳብ ሁልጊዜ አንድ ነበር። አይቆረጥም እየተባለ ቆይቶ እግሩ የተቆረጠ ሰው በሰፈራችን ነበርና በዓይኔ ላይ ይቆማል። ለማንም አልተናገርኩም። ለከድር እንኳ ያልኩት «ይሻለኛል» ብቻ ነው። እሱም «አብሽር፣ ባላባቱ ኩርፊያ ላይ ነው፤ መሬቱ ተወስዶበት» ይለኝ ነበር።

ሐምሌ ሲገባ ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ጻፈልኝ። በሆስፒታሉ መጠበቂያ ክፍል ያሳለፍኩትን ቀን የማስታውሰው በአንድ ሰው ምክንያት ነው። አጠገቤ የተቀመጡት በክራንች የሚሄዱ የቀድሞ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። እግሬን ማጠፍ እንዳቃተኝ፣ ብዘረጋው ደግሞ ሰው እንደሚረግጠው አዩ። አንዱን ክራንች አግድም አጋድመው እግሬን አስደገፉልኝ።

«እርስዎስ ጋሼ፣ ቢጠሩዎት?»

«እኔ የምጠራው ከሰዓት ነው። እሱ ደግሞ ሥራ ፈትቷል፤ ይርዳህ» አሉ ክራንቹን እያሳዩኝ። ሦስት ሰዓት ሙሉ እንደዚያ ተቀመጥን።

ራጅ ተነሣሁ። ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነበር፤ ነርሷ እያስተረጎመችልኝ አጥንቴ ደህና መሆኑን ነገረኝና ምድር ቤት ወዳለው የፊዚዮቴራፒ ክፍል ላከኝ። ይህ በመድኃኒት ፋንታ በእንቅስቃሴ የሚታከምበት ክፍል ነው። ለመድረስ ሃያ ሁለት ደረጃ መውረድ ነበረብኝ።

እዚያ ያገኘኋቸው ሲስተር አዜብ ይባላሉ። ካርዴን አነበቡ። «ወለል ወልዋይ» የሚለው ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«በየትኛው እግርህ ነው?»

«በቀኙ። ስለዚህ ከሥራዬ አይደለም ተብያለሁ» አልኩ ፈጠን ብዬ።

«ማን ጠየቀህ?» አሉኝ። «ተነሣ፣ አሳየኝ።»

«ምኑን?»

«አወላወሉን ነዋ! ወለሉ ይኸው፣ ጨርቅ ይኸው።»

በክፍሉ ውስጥ አራት በሽተኞች ነበሩ። ቀኝ ጫማዬን አውልቄ ጨርቁን ረገጥኩና ሁልጊዜ እንደማደርገው ጀመርኩ። «ሲስተር፣ ለእኛም ቤት ላኩልን!» አለ አንዱ፤ ሌሎቹም ሳቁ። ሲስተር አዜብ አልሳቁም። ቀኝ እግሬንም አላዩም። ቁጢጥ ብለው መዳፋቸውን በግራ ጉልበቴ ላይ አሳረፉና «ቀጥል» አሉ። ጥቂት ቆይተው የእኔን እጅ ወስደው በራሳቸው እጅ ቦታ አስቀመጡት።

«ምን ይሰማሃል?»

ከሎሚው ሥር አሸዋ የተነሰነሰበት ነገር እንደሚፈጭ ይንኮሻኮሻል። ቀኝ እግሬ ራቅ ብሎ በሄደ ቁጥር ግራው ይታጠፋል፤ በተመለሰ ቁጥር ይጠመዘዛል። ጫማው ግን አንድ ቦታ ተተክሏል፣ አይዞርም።

«ጨርቅ ስትጨምቅ አንዱን ጫፍ ይዘህ ሌላውን ታዞራለህ አይደል? ጉልበትህን እንደዚያ ነው የምታደርገው» አሉ። «በቀን ስንት ሰዓት?»

«አምስት። አንዳንዴ ስድስት።»

«ስንት ዓመት?»

«ሦስት።»

«ቀኝህማ ይጨፍራል። ሙሉ ሸክሙን የያዘው ይህኛው ነው።»

ያን ጊዜ የተሰማኝን መግለጽ ይቸግረኛል። ደስታም ነበረበት፣ እፍረትም። ሦስት ዓመት በእግሬ ላይ ቆሜ እግሬን አላየሁትም ነበር።

ከዚያ ሌላውን ሁሉ ጠየቁኝ። ቤት ውስጥ እንዴት ትቀመጣለህ? የውሃ ባልዲ በየትኛው እጅ ትይዛለህ? ስታነብስ? መልሴን በሰጠሁ ቁጥር ግራ እግሬ ላይ አንድ ሸክም ይጨመር ነበር። ባልዲውን ሁልጊዜ በግራዬ ነው የምይዘው። ሳነብ የማጥፈው ግራዬን ነው። ታክሲ ስጠብቅ እንኳ የምደገፈው በዚያው ነው። ሲስተር አዜብ በአጥንትና በአጥንት መካከል ስላለው ለስላሳ ሽፋን ነገሩኝ። የጭን ጡንቻ ሲሰንፍ ሎሚው ከመስመሩ ወጥቶ ሽፋኑን ይፍቃል። መድኃኒቱ ጡንቻውን ማጠንከርና ልማዱን መቀየር ነው። አሮጌ ካልሲ አሸዋ ሞልቶ ቁርጭምጭሚት ላይ ማሰር፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን ቀጥ አድርጎ እስከ አሥር መቁጠር፤ ጠዋት ሠላሳ ጊዜ፣ ማታ ሠላሳ ጊዜ። ቁጢጥ አለማለት። ታጥፎ አለመቀመጥ። ባልዲን ግማሽ ግማሽ በሁለት እጅ መያዝ።

«ደግሞ ስድስት ሳምንት ብሩሽ አትረግጥም። ለመሥሪያ ቤትህ ደብዳቤ እጽፋለሁ።»

«እባክዎ ሲስተር፣ አይጻፉልኝ» አልኩ። ፎርሙን አውጥቼ አሳየኋቸው።

ስድስተኛውን ተራ ቁጥር አነበቡ። ከዚያ ደብዳቤውን ጻፉ፣ ማኅተም መቱበት፣ በፖስታ አሽገው ሰጡኝ። «እኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው። መስጠትና አለመስጠት ያንተ ፋንታ ነው» አሉኝ።

ፖስታውንና ፎርሙን በአንድ ኪስ ሦስት ቀን ያዝኳቸው። ሦስቱንም ቀን ወለወልኩ። በአራተኛው ቀን ግማሽ ባልዲ ውሃ ይዤ ስወርድ ሠላሳኛው ደረጃ ላይ ጉልበቴ ተቆልፎ ቀረ። ውሃው ፈሰሰ። ከታች እየወጡ የነበሩት ጋሽ ደምሴ እርጥብ ደረጃ ላይ አጠገቤ ተቀመጡ።

«አዳለጠኝ እንዳትለኝ» አሉ።

ፖስታውን ሰጠኋቸው። ፊደል ስለማይለዩ እኔው አነበብኩላቸው። ስጨርስ የራሳቸውን ግራ ጉልበት ቀስ ብለው መታ መታ አደረጉት።

«የእኔን ብርድ ነው ሲሉኝ ሃያ ዓመት ሆነ» አሉ። ብድግ ብለውም «በል ተነሣ። ይህ ነገር በእኔ እጅ የሚያልቅ አይደለም» አሉኝ።

አብረን ወደ ጓድ ሽመልስ ቢሮ ገባን። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«የማይወለውል ወለል ወልዋይ ምን ያደርግልኛል? የአብዮት በዓል ደርሷል። እንግዳ ይመጣል!»

«እሱ የሚወለውለውን የሦስተኛው ፎቅ ኮሪደር እኛ እንይዘዋለን፤ እሱ መስኮትና ጠረጴዛ ይያዝ» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«እናንተ የራሳችሁን መቼ ጨረሳችሁ?»

«እንጨርሳለን ጓድ።»

ጓድ ሽመልስ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ከበላያቸውም የሚጠይቃቸው ነበረ። ፎርሙን ተቀብለው በመሳቢያቸው ውስጥ አስገቡት። «ስድስት ሳምንት። የዚያን ቀን አዳራሹን በፊቴ ትወለውለዋለህ። ከቻልክ እፈርማለሁ፤ ካልቻልክ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ። በመካከሉ ኮሪደሩ አንድ ቀን ሳይወለወል ባገኘው ውሉ ያን ቀን ያበቃል» አሉ።

ያ ክረምት ረጅም ነበር። እህቴ ካልሲውን ሰፍታ አሸዋውን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አመጣችልኝ። እኔ እግሬን ሳነሣ እሷ ጮክ ብላ ትቆጥራለች፤ አንዳንዴ እያወቀች ከሰባት ወደ አምስት ትመለሳለች። እናቴ ከጎረቤት ከፍ ያለ ወንበር ተውሳ አልጋዬ አጠገብ አኖረችው። «በዚህ ላይ እንደ ሰው ተቀምጠህ አንብብ» አለች። በሁለተኛው ሳምንት ምንም ለውጥ አልነበረም፤ ልተወው ነበር። በሦስተኛው ሳምንት እብጠቱ ጎደለ። በአራተኛው ሃምሳ አራቱን ደረጃ ግድግዳ ሳልይዝ ወረድኩ። ታች ስደርስ የሚያየኝ ሰው ስላልነበረ ተመልሼ ወጣሁና እንደ ገና ወረድኩ። ይህን ለሲስተር አዜብ ስነግራቸው ተቆጡኝ።

የቀጠሮው ቀን ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሆነ። አዳራሹ ውስጥ እንደ መጀመሪያው እነዚያው አምስት ሰዎች ነበርን። ሰሙን ቀባሁ፤ ደረቀ። ግራ ጫማዬን አወለቅኩና ብሩሹን በግራ እግሬ አደረግሁ።

«ግራኝ ሆንክ እንዴ?» አሉ ጓድ ሽመልስ።

«በየአምስት ጣውላው እቀይራለሁ ጓድ። የቆምኩበትንም እግር አብሬ አዞረዋለሁ እንጂ አልተክለውም።»

«እኩልነት ነው ጓድ» አለ ከድር ከበሩ በኩል። «ባላባቱ ጭሰኛ ሆኖ ተገኘ።»

እትዬ ብርቅነሽ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ጓድ ሽመልስ ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ትከሻቸው ግን ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። አዳራሹ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ወሰደብኝ፤ ዱሮ ከሚወስደው በሃያ ደቂቃ ይበልጣል። ስጨርስ ጉልበቴ ደክሞ ነበር፣ ግን አልወጋኝም። ፎርሙ ያንኑ ቀን ተፈረመ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሆነ። ብርድ ሲበረታ አልፎ አልፎ ይነግረኛል፤ ካልሲውንም አልጣልኩትም። ወለል የምትወለውሉ፣ ተንበርክካችሁ የምታጥቡ፣ እግራችሁን አጥፋችሁ የምትሠሩና የምታነቡ፣ ሐኪም የትኛው እግር እንደሚሠራ ሲጠይቃችሁ በየትኛው እንደምትቆሙም ንገሩት።

አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። በእነዚያ ስድስት ሳምንታት የሦስተኛው ፎቅ ኮሪደር አንድም ቀን ሳይወለወል አላደረም። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስደርስ ወለሉ አብርቶ አገኘዋለሁ። ማንም ቢሆን ሰዓት እላፊው እንዳበቃ፣ በጨለማና በዝናብ መጥቶ መሆን አለበት። ከድርን ጠየቅሁት፤ «ወላሂ እኔ አይደለሁም» አለ። እትዬ ብርቅነሽን ጠየቅኋቸው፤ «እኔ በዚህ ዕድሜዬ ብሩሽ?» አሉኝ። ጋሽ ደምሴ «ሥራህን ሥራ» ብቻ አሉ። የዘበኛው መልስ «አላየሁም» ነው።

አሁን ከድር ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውሯል፤ እትዬ ብርቅነሽና ጋሽ ደምሴ ጡረታ ወጥተዋል። ይህን የምታነቡ ወይም የሚነበብላችሁ ከሆነ፣ ያጎደልኩትን ሙሉልኝ፣ የተሳሳትኩትንም አርሙልኝ። ጓድ ሽመልስም ቢሆኑ የሚያውቁት ካለ ይንገሩኝ። ከሁሉም በላይ የኮሪደሩን ነገር። ብሩሽ ሰም ላይ ቅስት ይተዋል፤ በየጠዋቱ ጎንበስ ብዬ አይቼዋለሁ። በስድስቱ ሳምንት ቅስቱ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ነበር። በአንድ እግር ብቻ፣ በቀኙ ነው የተወለወለው። ማን እንደ ሆናችሁ ለመናገር ባትፈልጉ እንኳ፣ ግራ ጉልበታችሁ እንዴት እንደ ሆነ ላኩብኝ።